ሃይላንዱን ከመጣልዎ በፊት

እስቲ አንድ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ያንሱ። ማንም ፋብሪካ ያምርተው፣ በእኛ አፍ ስሙ «ሃይላንድ» ነው፤ ድሮ ከውጭ ይገባ በነበረ የታሸገ ውሃ ስም እንደተጠራ ቀርቷል። ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ገላው ፔት፣ ክዳኑ ፖሊኤትሊን፣ ወገቡ ላይ የተጠመጠመው ጽሑፍ ያለበት ስስ ላስቲክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፕሊን ነው። ስድስቱን አንድ ላይ የሚያስረውን ላስቲክ አልቆጠርንም።

ልዩነቱን ከልጆችዎ ጋር በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ማየት ይችላሉ። ከገላው፣ ከክዳኑና ከመለያው ትንሽ ትንሽ ይቁረጡ (መቀሱን እርስዎ ይያዙ)፤ ከዚያ በጣትዎ ውሃው ውስጥ ድፍቅ አድርገው ይልቀቋቸው። ገላው ይሰምጣል፤ ክዳኑና መለያው ተመልሰው ይንሳፈፋሉ። ፕላስቲክ መልሰው የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ፈጭተው የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። መለያው ፒቪሲ ከሆነ ግን ከፔቱ ጋር አብሮ ይሰምጣል፤ ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት እሱ ይቃጠልና አሲድ ያወጣል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያበላሸዋል።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በአፓርታማ የሚኖሩ ቤተሰቦች መለያውን ልጠው፣ ጠርሙሱን ጨፍልቀው ለብቻ እንዲያወጡ ታዘዋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሎቴ ቺልሰንግ የተባለው ኩባንያ ጭራሽ መለያ የሌለው የውሃ ጠርሙስ ለገበያ አቅርቧል።

እኛ ዘንድ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ዓይኑን የጣለው ፌስታል ላይ ነው፤ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ዘንቢሉ በዚህ ሰበብ ከቁም ሳጥን ወጥቷል። የሚያናድደኝ ግን ወደ ውስጡ የምንከተው ነው፦ አራት ቲማቲም በስፖንጅ ትሪ ላይ፣ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከላይ የዋጋ ስቲከር ተለጥፎበት። ጉሊት ላይ ያለችው እናት ያንኑ ቲማቲም ቆጥራ ዘንቢልዎ ውስጥ ትገለብጥልዎታለች። ሱፐርማርኬት ከሆነም ያልተጠቀለለውን መርጠው፣ የዋጋ ስቲከሮቹን አንድ ወረቀት ላይ እንዲለጥፍልዎ ሻጩን ይጠይቁ፤ ፊቱን ቢያጠቁርም ያደርገዋል።

ለመጠጥ ውሃ፣ ባዶውን መልሰው ሙሉ የሚወስዱበት ባለ 20 ሊትር ጃር ብዙ ሃይላንድ ያስቀራል። የተረፈውን መለያውን ልጠው፣ አጥበው፣ ክዳኑን ለብቻ አጠራቅመው ለቆራሌው ይስጡ። የማርና የማርማላታ ብርጭቆዎችን ለበርበሬና ለሽሮ ሲያውሏቸው የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይት ቀብተው ትንሽ ካቆዩት ይለቃል። አዲሱን ስም በተራ ወረቀት ጽፈው በዱቄት ሙጫ ቢለጥፉት፣ ቀጥሎ ለማንሳት ውሃ ይበቃል። ምግብ ከማሸጊያው ሲያወጡ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አብረው መጻፍ አይርሱ፤ በተለይ የሕፃናት ወተት ከነቆርቆሮው ይቆይ።

አሁን ደግሞ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሂዱ። እዚያ ጥግ፣ መለያው የተላጠ ሃይላንድ ውስጥ በረኪና አለ? ብዙ ቤት አለ። ከሩቅ ሲታይ ከውሃ አይለይም፤ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሃይላንድን የሚያውቀው ውሃ የሚጠጣበት ዕቃ አድርጎ ነው። በቤትዎ መለያው ፈጽሞ መላጥ የሌለበት ዕቃ ይኸው ነው፦ በረኪና፣ ጋዝና ማንኛውም የጽዳት ኬሚካል በመጣበት ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በስህተት የጠጣ ካለ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ዕቃውን ይዘው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምን እንደጠጣ ነው።