የአንገት ፒክአፕ ስንመርጥ፦ ጉልበት ወይስ ጥራት?

በመዝሙር አገልግሎት ኤሌክትሪክ ጊታር የምትመቱ ወገኖች «የአንገቱ ፒክአፕ ድምፁ ታፈነብኝ፤ የትኛውን ልግዛ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዕቃው ርካሽ አይደለም፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ከኳየር መዋጮ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ነገሩን መረዳት ይጠቅማል።

ለመሆኑ የአንገቱ ፒክአፕ ድምፁ ለምን ይወፍራል? ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ክሩ በብሪጁ አጠገብ በጥቂቱ፣ ወደ አንገቱ ሲሄድ ግን በሰፊው ይወዛወዛል። በመሆኑም አንድ ዓይነት ፒክአፕ በሁለቱም ቦታ ብታስገቡ የአንገቱ ወፍራምና ጮክ ያለ፣ የብሪጁ ቀጭንና ስል ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ለአንገት ጉልበተኛ ፒክአፕ አትፈልጉ፤ ጉልበቱን ቦታው ራሱ ሰጥቶታል። የሚጎድለው ጥራት ነው። በአምልኮ ጊዜ ቤዝ ጊታሩ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅና የወንዶች ድምፅ ወፍራሙን ስፍራ ይዘውታል። የታፈነ ጊታር ሲጨመርበት የመዝሙሩ ቃል ለጉባኤው ሳይሰማ ይቀራል። በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ዜማ ስትመቱም እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ሊሰማ ይገባል።

ስትመርጡ እነዚህን ተመልከቱ፦

1. ዓይነቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር የሚጠቀምበት ሲንግል ኮይል ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ከትራንስፎርመርና ከመብራት የሚመጣውን «እምም» የሚል ድምፅ ይቀበላል። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1957 በሌስ ፖል ላይ የገጠመው ሃምበከር ባለ ሁለት ጥቅል በመሆኑ ይህን ያጠፋል፤ ድምፁ ግን ወፈር ይላል።

2. ጥቅሉ፦ ለሲንግል ኮይል 6፣ ለሃምበከር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም ገደማ ለአንገት ተስማሚ ነው። ቁጥሩ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የሽቦው ውፍረት ይለውጠዋልና።

3. ማግኔቱ፦ አልኒኮ 2 ለስለስ ያለ፣ አልኒኮ 5 ደግሞ ጠራ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

4. ልኩ፦ ክሮቹ በአንገት በኩል ስለሚቀራረቡ ለአንገት ተብሎ የተሠራውን ጠይቁ። የጊታራችሁንም ክፍተት አስቀድማችሁ ለኩ።

ከሁሉ በፊት ግን ካቻቢቴ አንሡ! በፒክአፑ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች በመፍታት ፒክአፑን ዝቅ አድርጉት፤ በወፍራሙ ክር በኩል ትንሽ ይበልጥ ዝቅ ይበል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ስትጫኑት ከፒክአፑ እስከ ክሩ 2 ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያም ሁሉም መሣሪያዎች እየተጫወቱ፣ አንድ ሰው ከጉባኤው ወንበር ላይ ሆኖ ያዳምጥላችሁ። ለብቻችሁ ቤት ውስጥ ስትመቱት ቀጭን የመሰላችሁ ድምፅ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ልክ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ድምፁ በዚህ ከተስተካከለ ገንዘቡ ለሌላ አገልግሎት ይተርፋል፤ ካልተስተካከለ ግን አሁን ምን እንደምትገዙ ታውቃላችሁ።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።