ቀዩ ደመና ከሳንጃ ሲታይ
ሳንጃ ገጠር ስለሆነ ሰማዩ ጨለማ ነው የሚል ሰው፣ የሱቆቹን አምፖል በጥር አቧራ ውስጥ አላየም። ብርሃኑ በአቧራው ይበተንና ሰማዩ ይገረጣል። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከሉትን ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖችም የአዲስ አበባ መብራት አልማራቸውም። የእኔዋ ደግሞ ትንሽ ናት፤ የሌንሷ ስፋት 7 ሴንቲሜትር።

ስለዚህ በብልሃት ነው የምሠራው። የኦሪዮን ኔቡላ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ የጋዝ ደመና ነው። ቅላቱ በአብዛኛው ከሃይድሮጂን የሚወጣ የ656 ናኖሜትር ብርሃን ነው። ያንን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሲገባ አብዛኛው የመንገድ መብራት ውጭ ይቀራል። ከዚያ አጫጭር ፎቶዎችን በብዛት አንስቼ በኮምፒውተር እደራርባለሁ። ደመናው በሁሉም ላይ ቦታውን አይለቅም፤ የካሜራው ዝብርቅርቅ ነጥብ ግን ከፎቶ ፎቶ ስለሚለዋወጥ ሲደራረብ ይለዝባል። ፎቶው አራት እጥፍ ሲሆን ጥራቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ስስታም ሂሳብ ነው!

የቆላው ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው፤ ሴንሰሩ ሲሞቅ ነጥቡ ይበዛል። ሌሊቱ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።

ካሳም አለን። ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ብቻ ስለራቅን፣ ከለንደን ጨርሶ የማይታየው የካሪና ኔቡላ በየካቲት እኩለ ሌሊት ገደማ በደቡብ ይታያል። ከፍታው ግን ከ17 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ከከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ወጥቼ፣ መብራቱን ከኋላዬ አድርጌ ነው የማነሳው።