ሽቦው ሳይመጣ መኪናው አይገጠምም

«የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩን እዚሁ እየሠራን ከውጭ ጥገኝነት ወጣን» የሚለው ወሬ ጎርጎራም ደርሷል። አልወጣንም! በደብረ ብርሃን የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የሚያወጣቸው ሚኒባሶች እዚያ ይገጣጠማሉ እንጂ ዕቃቸው የሚመጣው ከቻይና ነው። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ ከውጭ መምጣቷ ማንንም አላጠራጠረም፤ ሙሉዋን ታየች። በኮንቴይነር ተበትኖ የገባው መኪና ግን ወዲያው «የኛ ምርት» ይባላል።

አንድ መኪና ወደ 30,000 የሚጠጉ ዕቃዎች አሉት። ሌላውን ልተወውና ስለ ሽቦ ጥቅሉ ልናገር፤ ከባትሪው እስከ ፍሬቻው፣ ከዳሽቦርዱ እስከ በሩ መስታወት የሚዘረጋው፣ ተፈትቶ ቢለካ ከኪሎ ሜትር የሚያልፈው። ሽቦ ስለሚተጣጠፍ ለሮቦት አይመችም። ሠራተኞች ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ በቴፕ እየጠቀለሉ፣ ጫፉን ሶኬት ውስጥ እየሰኩ ይሠሩታል። ሥራው የጉልበት ዋጋ ዝቅ ወዳለበት አገር የሚሄደው ለዚህ ነው። ልኩም የአንድ ሞዴል ብቻ ነው፤ ወንበሩ የሚሞቅ መኪናና የማይሞቅ አንድ ጥቅል ላይጋሩ ይችላሉ። ደግሞም ወንበርና ዳሽቦርድ ከመግባታቸው በፊት፣ በባዶው ቦዲ ውስጥ ይዘረጋል። ጎማ ቢዘገይ መኪናውን ጨርሶ መጠበቅ ይቻላል። ሽቦው ከዘገየ ግን ቀጣዩ ሠራተኛ የሚገጥመው የለውም።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ይኸው ታየ። በምዕራብ ዩክሬን ያሉ የሊዮኒ ሽቦ ፋብሪካዎች ሥራ ሲያቋርጡ፣ ጀርመን ውስጥ የፎልክስዋገንና የቢኤምደብሊው መስመሮች በቀናት ውስጥ ቆሙ። ብረት ነበር፣ ሞተር ነበር፣ ገንዘብም ነበር። የወራት ክምችት ግን አልነበረም፤ ዕቃው በሚገጠምበት ሰዓት ይድረስ የሚለውን የቶዮታ አሠራር ዓለም ሁሉ ተከትሎታልና።

መገጣጠም ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም። ሥራ ይከፍታል፣ እጅ ያፍታታል። ከመገጣጠም ወደ ማምረት መሻገር ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል ወይ በሚለው የዘርፉ ሰዎች አይስማሙም። እኔ አይመጣም ከሚሉት ነኝ፤ ገበያውና መንገዱ ከተስተካከለ ግን ይቻላል። ሞሮኮ የሽቦ ጥቅል ሠርታ ለአውሮፓ ትሸጣለች፤ በ2004 ዓ.ም. የሬኖ ፋብሪካ የተከፈተባት ታንጀር ከስፔን የሚለያት ጠባብ ባሕር ነው። ባሕር ዳርም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የሠለጠነ እጅ አላት፤ ይህን ሥራ ለመልመድ አያንስም። መዳቡና ሶኬቱ ግን በጅቡቲ ይገባል፤ ጥቅሉን የሚገዛው ገጣጣሚም አንዱን ሞዴል ለዓመታት፣ በብዛት፣ ሳያቋርጥ ማውጣት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ገዢ ሳይኖር የሽቦ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት አይገኝም።