ለመንገደኛ የሚበጀው ባትሪ የትኛው ነው?

አንድ የጊምቢ ገበሬ ልጁ ታመመችበት እንበል። ከጊምቢ እስከ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበሬው ልጁን ይዞ በማለዳ ተነሣ። ነቀምቴ ሆስፒታል ሲደርስ ስልኩ ጠፋ፤ ቻርጁ አልቋል። የመድኃኒት መግዣው ያለው ቴሌብር ላይ ነው። ወንድሙም ቢቸግረው ሊልክለት ዝግጁ ነው። ግን በምን ይነጋገሩ? ገንዘቡ አልጠፋም። ሆኖም ስልኩ እስኪበራ ድረስ ሊያዝበት አይችልም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ስለዚህ ለመንገድ ስንነሣ ስንቅ እንደምንቋጥር ሁሉ ስለ ስልኩ ባትሪም ማሰብ አለብን።

ዕቃው ምንድን ነው?

ቻርጀር ከግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለስልክ በሚስማማ መጠን ይሰጣል። ፓወር ባንክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይይዛል። አሁን የምንመለከተው ሁለቱን አንድ ላይ ያጣመረውን ዕቃ ነው። በጀርባው መሰኪያ አለው። ሶኬት ላይ ሲሰኩት ቻርጀር ይሆናል፤ ሲነቅሉት ፓወር ባንክ ይሆናል።

በውሃ እንመስለው። ሶኬቱ ምንጭ ነው። ባትሪው እንስራ ነው። ስልኩ ቅል ነው። ይህ ዕቃ ምንጩ ሲኖር ቅሉንም እንስራውንም ይሞላል። ምንጩ ሲደርቅ ከእንስራው እንቀዳለን።

ጥቅሙ

የፊንጫ ውሃ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፊንጫ ያለው እዚሁ ወለጋ ነው። ይሁን እንጂ ለማመንጫው ቅርብ መሆን ብቻውን መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። ዛፍ ሲወድቅ ወይም መብረቅ ሲመታ መስመሩ ይቋረጣል። በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚያድር መንገደኛ መብራት ባለበት ሰዓት ሁለቱንም አብሮ ቢሞላ ያተርፋል። የሚይዘው ዕቃ አንድ ብቻ ስለሆነ ቻርጀሩን ቤት ረስቶ አይሄድም።

ጉድለቱ

አንደኛ፣ ከተራ ቻርጀር ይከብዳል። ሶኬቱ የላላ ከሆነ ይወድቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ ያደረ መስሎን ጠዋት ባዶውን እናገኘዋለን።

ሁለተኛ፣ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሌላውንም ልናጣ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ኃይል ትልልቅ ፓወር ባንኮች ከሚይዙት ያነሰ ነው።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

በዕቃው ላይ 5,000 ወይም 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ይህ የእንስራው መጠን ነው። ግን ሁሉም ስልክ ውስጥ አይገባም። ውሃ ሲቀዳ ጥቂት እንደሚፈስ ሁሉ ከኃይሉ ሲሶው ያህል በመንገድ ይቀራል። ባትሪው 3.7 ቮልት ነው፤ ለስልኩ የሚሰጠው ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ተደርጎ ነው። በዚህ ጊዜ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

እንግዲህ እናስላው። 5,000 የተጻፈበት ዕቃ ለስልክ የሚሰጠው 3,200 ያህል ነው። የስልካችን ባትሪ 5,000 ከሆነ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ይሞላዋል እንጂ አይጨርሰውም። ባለ 1,000 የቁልፍ ስልክ ከሆነ ግን ሦስት ጊዜ ይሞላዋል። ዋት የሚለው ቁጥር ደግሞ የእንስራው አፍ ስፋት ነው፤ ዋቱ ሲበዛ ስልኩ ከተቀበለው ቶሎ ይሞላል።

ስንገዛ ምን እንይ?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በዕቃው ላይ 100–240 ተብሎ ከተጻፈ ይስማማል። መሰኪያው ሁለት ድቡልቡል እግር ያለው ይሁን። ጠፍጣፋ እግር ያለው ሌላ ማገናኛ ይፈልጋል፤ ያም ይበልጥ ያላላዋል። ዕቃው ትንሽና ቀላል ሆኖ 50,000 የሚል ቁጥር ከተጻፈበት አትመኑት። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ስልካችሁን ሰክታችሁ ሞክሩት።

አያያዙ

መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩት። ፀሐይ ላይና እሳት አጠገብ አታኑሩት። ካበጠ ወይም ከልክ በላይ ከጋለ መጠቀም አቁሙ። ባትሪው ሊቃጠል ይችላልና አትውጉት፤ እሳት ውስጥም አትጣሉት።

ፍርዳችን

መብራት ባለበት ከተማ አድሮ ለሚሄድ፣ አንድ ስልክ ብቻ ለያዘ ሰው ይህ ዕቃ ጥሩ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሦስት አራት ስልክ ይዞ ለሚጓዝ ግን ቻርጀሩና ትልቁ ፓወር ባንክ ለየብቻቸው ቢሆኑ ይሻላል። መብራት ጨርሶ ላልገባበት ቀበሌ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ይበልጣል። ኔትወርክ በሌለበት ግን የትኛውም ባትሪ ኔትወርክ አያመጣም።

ከሁሉ በላይ ባዶ እንስራ ጥም አይቆርጥም። የጊምቢው ገበሬ ይህን ዕቃ ገዝቶ ባዶውን ይዞት ቢወጣ ምን ይጠቅመዋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ባትሪውም የሚሞላው ከመንገዱ በፊት በዋዜማው ነው።

ጥያቄዎች

1. 10,000 የተጻፈበት ዕቃ ለስልክ ምን ያህል ይሰጣል?
2. መብራት ሲጠፋ ዕቃውን መንቀል ለምን ያስፈልጋል?
3. ለእናንተ ቤተሰብ የሚስማማው የትኛው ነው? ምክንያቱን ጻፉ።