ሐኪሙ «ደኅና ነዎት» ካሉ በኋላ ስለሚቀረው የልብ ሥጋት

የሰው ልጅ ከሰውነቱ ክፍሎች ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ልቡን ነው። እግሩን ቢያመው ያሻል፤ ጥርሱን ቢያመው ያስነቅላል፤ ልቡ ግን አንድ ጊዜ ከልማዱ ወጥቶ የዘለለ እንደ ሆነ ቀኑን ሥራው ይታጐልበታል፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ነገር በዚህ ገጽ እንድንጽፍ ያነሣሣን ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። መልሱን አስቀድመን ለራሳቸው ልከንላቸዋል፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ሳንገልጽ በገጹ እንድናወጣው ስለ ፈቀዱልን እነሆ እናቀርበዋለን።

ወይዘሮዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ባለቤታቸውም የ43 ዓመት ሰው፥ ሥራቸውም መምህርነት ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አብሯቸው ያስተምር የነበረ ወዳጃቸው ሳይታሰብ በድንገት ዐረፈ። መምህሩ ሦስት ቀን በልቅሶው ቤት ተቀምጠው ከተመለሱ በኋላ፥ በአራተኛው ሌሊት ልባቸው ቀጥ ያለ መሰላቸው፤ ወዲያውም ደረታቸውን በኃይል መታው። «ከዚያች ሌሊት ወዲህ ቤታችን ቤት አልሆነም» ሲሉ ወይዘሮዋ ጽፈውልናል።

የጐደለ ምርመራ አልነበረም። የልባቸው ኤሌክትሪክ ኢሲጂ በሚባለው መሣሪያ ተነሣ፤ የልባቸው ቅርጽና የልባቸው በሮች በአልትራሳውንድ ታዩ፤ ደማቸው ተመርምሮ የደም ማነስም የታይሮይድ ዕጢ ሁከትም አልተገኘበትም፤ በመጨረሻም ሆልተር የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ታጥቀው 24 ሰዓት ዋሉ፤ አደሩ። ሐኪሙም ወረቀቱን ሁሉ ከተመለከቱ በኋላ፥ «አልፎ አልፎ ቀድሞ የሚነሣ ምት አለ፤ ልብዎ ግን ጤነኛ ነው፤ ሥራዎን ይሥሩ» ብለው አሰናበቷቸው። መምህሩ ደስ ብሏቸው ገቡ። ደስታው የቈየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን፥ «መሣሪያው ሳይዘው የቀረ ነገር ቢኖርስ?» አሉ። ከዚያ ሁለተኛ ሐኪም ቤት፥ ከዚያም ሦስተኛ ሄዱ፤ ሁሉም ያንኑ ቃል መለሱላቸው። አሁን ሌሊት ሌሊት ወይዘሮዋን እየቀሰቀሱ፥ «እስቲ እጄን ያዢልኝ፤ ዛሬስ በትክክል ይመታል?» ይሏቸዋል። ወይዘሮዋም የደም ሥራቸውን ዳብሰው፥ «ደኅና ነው፤ ይተኙ» ይላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይቀሰቀሳሉ። «ብቈጣቸው ሕመማቸውን የማባብስባቸው ይመስለኛል፤ ማባበሉም ደከመኝ፤ ምን ላድርግ?» ይላል የደብዳቤው መጨረሻ።

አንድ የልብ ሐኪም ጠይቀን የተረዳነውን እንናገራለን። አስቀድሞ ግን ብዙ ቤተ ሰብ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ሐሳብ ነው፤ ተወው» ማለት ነው። ሰውዬው የተሰማው ነገር ሐሳብ አይደለም። ልብ ትርታውን የሚያስጀምርለት የራሱ መሪ በላይኛው ቀኝ ክፍሉ አለው፤ በዚያም እየተመራ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። አንዳንድ ጊዜ ግን የመሪውን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ከሌላ የልብ ሥፍራ አንድ ምት ቀድሞ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ልብ ከልማዱ ጥቂት ረዘም ያለ ዕረፍት ያደርጋል፤ በዕረፍቱም ብዙ ደም ስለሚሞላበት የሚከተለው ምት ይበረታል። እንግዲህ «ልቤ ቀጥ አለ፤ ከዚያም ዘለለ» የሚል ሰው የሆነውን ተናገረ እንጂ አልዋሸም። ጤነኛ ሰዎች ቀንና ሌሊት በመሣሪያ ሲጠበቁ እንዲህ ያለ ምት በብዙዎቹ ላይ ይገኛል፤ የሚበዙትም አንድም ቀን ሳያውቁት ይኖራሉ። በግራ ጐኑ የተኛ ሰው ደግሞ ልቡ ወደ ደረቱ ግድግዳ ስለሚቀርብ አብልጦ ይሰማዋል፤ ሌሊቱም ጸጥ ያለ ነውና ሌላ የሚያዳምጠው ነገር የለም።

አማርኛችን ማስተዋልን «ልብ ማለት» ብሎ ይጠራዋል። መምህሩም የደረሰባቸው ልባቸውን ልብ ማለት ማብዛት ነው። የሚጠብቁት ምት በመጣ ጊዜ ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለው ቅመም ወደ ደም ይፈስሳል፤ አድሬናሊንም ልብን ያፈጥነዋል፤ ምቱንም ያበረታዋል። ያን ጊዜ «አላልኋችሁም?» ይላሉ። ፍርሃቱ የሚፈራውን ነገር ራሱ ሠርቶ ያቀርብላቸዋል ማለት ነው።

ሆኖም በአገራችን ስለ ልብ መፍራት ያለ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም። በልጅነት የሚያም ቶንሲል በጊዜው ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብን በሮች የሚያበላሽ ሕመም ያስከትላል፤ በዚህም ሕመም ወጣት ልጁን ወይም እኅቱን ያጣ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ ልቡ የሚዘል ሰው መመርመሩ ተገቢ ነው፤ በተለይም በአልትራሳውንድ መታየቱ በሮቹን ስለሚያሳይ ዋጋው ትልቅ ነው። እኛ የምንናገረው ምርመራው በሚገባ ተፈጽሞ ጤንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ስለሚቀረው ሥጋት ነው።

ይህም ሥጋት አዲስ ነገር አይደለም። ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ልባችን ይመታል፥ ትንፋሽ ያጥረናል፥ ደረታችንን ይወጋናል የሚሉ ከ300 የሚበልጡ ወታደሮችን መርምሮ በ1871 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለ እነርሱ ጽፏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ይኸው ሕመም በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ በዝቶ ስለ ታየ፥ የታወቀው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ብዙዎቹን አጥንቶ በ1918 መጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ አስቀድሞ እንዲህ ያሉትን ሕመምተኞች በአልጋ ላይ አስተኝቶ ማሳረፍ የተለመደ ነበር። ሉዊስ ግን ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚከብድ የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዘላቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልቡን ፈርቶ ከአልጋ የማይነሣ ሰው አካሉ እየደከመ ይሄዳል፤ የደከመም አካል ደረጃ በወጣ ቊጥር ልቡ ይፈጥንበታል፤ ይህም አዲስ ፍርሃት ይሆንበታል።

ወደ ወይዘሮዋ ጥያቄ እንመለስ። በቅን ልብ የሚያደርጉት የሌሊቱ መዳበስ ባለቤታቸውን እያሳረፋቸው እንዳልሆነ ስንጽፍላቸው እንዳያዝኑ ሠግተን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ «ደኅና ነው» የሚለው ቃል ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዕረፍቱን የሚያገኘው ከዚያ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ቃሉም እየዋለ እያደረ ኃይሉ ይቀንስበታል። ስለዚህ በሌሊት ሳይሆን በቀን፥ ልጆቹ ሲተኙ ወይም ቡና ሲፈላ፥ ሁለታቸው ቁጭ ብለው እንዲስማሙ መከርናቸው። ስምምነቱም፥ «የሐኪሙን ቃል ሁለታችንም ሰምተናል፤ ከዛሬ ጀምሮ እጅዎን አልይዝም፤ እርስዎም በመጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ሳይነኩት ይታገሡ» የሚል ነው። ዐሥሩ ደቂቃ ሲለመድ ሃያ ይሆናል፤ ከዚያም ይጨምራል። እጅ አለመያዝ ማለት ግን ፊትን ማዞር አይደለም፤ በፍርሃቱ ሰዓት አብሮ ነቅቶ መቀመጥ ይቻላል። የደም ሥሩ ነው የማይዳበሰው።

የእጅ ሰዓታቸውንም ጠየቅን። እንደ ጠረጠርነውም የልብ ምት የሚቈጥር ሰዓት ኖሯል። ለሌላ ሰው ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ በቀን አርባ ጊዜ ለሚመለከተው ሰው ግን የሥጋት ፋብሪካ ነው። ሰዓቱ ከመሳቢያ ይግባ፤ በስልክም የሕመም ስም እየጻፉ መፈለግ ይቅር። ሐኪሙም አንድ ይሁን፤ ቀጠሮውም በእርሱ ቃል ይወሰን።

ስለ ምግብና መጠጥ የምንለው ጥቂት ነው። ጫት ልብን ያፈጥናል፤ ልቡ ለሚዘል ሰው አይስማማውም። አልኮልና እንቅልፍ ማጣትም ያባብሱታል። ቡናን በሚመለከት ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ አቦሉን ጠጥቶ ምንም የማይሰማው አለ፤ ቶናው ላይ ሲደርስ ልቡ የሚመታበትም አለ፤ ሁሉም ራሱን ይመልከት። ከጐረቤት ተገኘ የተባለ የልብ ክኒን ግን ፈጽሞ አይዋጥ፤ ለአንዱ የታዘዘው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ለሌላው ትንፋሽ የሚያሳጣ ይሆናልና።

ወደ ሐኪም ሳይዘገዩ የሚመለሱባቸውም ምልክቶች አሉ። ከመዝለሉ ጋር ራስን መሳት፥ በሩጫ ወይም በከባድ ሥራ መካከል የሚነሣ መዝለል፥ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲኖር፤ እንደዚሁም ከቤተ ሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሲኖር ነገሩ ሌላ ስለ ሆነ ለሐኪም ይነገር። ሥጋቱም ብዙ ወር ቈይቶ ሥራና እንቅልፍ የሚከለክል ከሆነ ለዚሁ የሚሆን የንግግር ሕክምና የሚሰጡ የአእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቡና ባለሙያዎች አሉ። ወደ እነርሱ መሄድ የሚያሳፍር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በመልሳችን ጨመርን። ወይዘሮዋ በጻፉልን በአራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ባለቤታቸው ልብ ያልተነገረ የለም፤ ስለ ሞተው ወዳጃቸው ግን የተነገረው አንድ መሥመር ብቻ ነው። መምህሩ ስለዚህ ሰው ይናገራሉ ወይ ብለን ጠየቅናቸው። በለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ያለቅሳል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ድንኳን ሲተከል፥ ወንበር ሲደረደር፥ ለቀስተኛ ሲቀበል ሦስቱ ቀን ያልቅበታል። ይባስ ብሎ በዚያው ድንኳን፥ «እገሌም እንዲሁ ጤነኛ ነህ ተብሎ በሳምንቱ ሞተ» የሚል አይጠፋም፤ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወሩትን ሰዎች ብናገኛቸው አንድ ቃል በነገርናቸው ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከሦስት ወር በኋላ ደረሰን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ፤ መምህሩም አንድ ሌሊት «ጨከንሽብኝ» ብለው እስከ መኰራረፍ ደርሰው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን ከትምህርት ቤት በእግራቸው መመለስ ጀመሩ፤ አሁን ዳገቱን ሳያርፉ ይወጡታል። በመንገዱም ላይ የወዳጃቸው ቤት አለ። አንድ ቀን ገብተው ከእናቱ ጋር ተቀምጠው እስኪመሽ አወሩ፤ ያን ዕለትም በቤታቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እርሱ አለቀሱ። ልባቸው ዛሬም አልፎ አልፎ ይዘላል። ወይዘሮዋ እንደ ጻፉልን፥ በቀደም ሌሊት ነቅተው ቈይተው፥ «ዘለለ» አሉ፤ እርሳቸውም «እሺ» አሏቸው፤ ከዚያም መምህሩ ወደ ቀኝ ጐናቸው ዞረው ተኙ።