ሰጋር ፈረስ በምን ይታወቃል?

ሐረር ጀጎል የገባ ሰው ሁሉ ፈረስ መጋላን ያውቀዋል። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከፈረስ ገበያ ነው። ዛሬ በአደባባዩ የሚርመሰመሰው ሰውና ባጃጅ ነው። ፈረሱ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። ፈረስ ወይም በቅሎ የሚገዛ ገበሬ ግን አሁንም አለ። የሚከፍለው ገንዘብ የዓመት ልፋቱ ነው። ስለዚህ መልክና ቁመት ብቻ አይቶ መክፈል የለበትም፤ አረማመዱን ይመልከት።

ፈረስ በዝግታ ሲራመድ እግሮቹ አንድ በአንድ ያርፋሉ። ጆሮውን የሰጠ ሰው አራት ኮቴ ይሰማል። ሶምሶማ ሲሄድ ግን የፊት ቀኙ ከኋላ ግራው ጋር፣ የፊት ግራው ከኋላ ቀኙ ጋር ባንድ ጊዜ ያርፋሉ። የሚሰማው ሁለት ኮቴ ነው። በመካከሉ አራቱም እግሮች ለአፍታ መሬት ይለቃሉ። ተቀማጩን ከኮርቻው እያነሳ የሚያነጥረው ይሄ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ከመንደር መንደር ስንዞር ይህን በወገባችን ተምረነዋል። ደንገላሳና ሽምጥ ግልቢያ ለጉግስና ለችኩል ጉዳይ እንጂ ለሩቅ መንገድ አይሆኑም።

ሰጋር የሚባለው ሶምሶማን ያህል እየፈጠነ እግሮቹን ግን አንድ በአንድ የሚያሳርፍ ነው። ሁልጊዜ መሬት የያዘ እግር ስላለው ጀርባው አይዘልም። የጥንት ሰዎች ለጦርነት ፈረስ፣ ለረዥም መንገድ ሰጋር በቅሎ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ ይህ አረማመድ ከወዴት ይመጣል? ግማሹ ከማሠልጠን፣ ግማሹ ከዘር ነው። ለዚህ አሜሪካን እንይ። በዚያ አገር ፈረስ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጠፍቶ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1493 ጀምሮ ስፓኞች በመርከብ አመጡት። በኋላ ቴነሲ በሚባለው ክፍለ ሀገር ባለመሬቶች ቀኑን ሙሉ እርሻቸውን ሲዞሩ የማያደክም ፈረስ ፈለጉ። አረማመዳቸው ለስላሳ የሆኑትን እየመረጡ አዳቀሉ። በ1886 የተወለደ አለን የተባለ ጥቁር ፈረስ የዘሩ አባት ሆነ። የዚህ ዘር የኋላ እግር የፊቱ ከረገጠበት ቦታ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ አልፎ ያርፋል፤ ራሱንም ከርምጃው ጋር እኩል ይነቀንቃል። በ2012 ደግሞ ሊቃውንት ፈረስን ሰጋር የሚያደርግ፣ ከእናትና ካባት የሚወረስ አንድ ለውጥ አገኙ።

ነገር ግን ስግብግብ ሰው እዚያም አለ። ፈረሱ በውድድር ላይ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያነሳ ብለው ቁርጭምጭሚቱን በሚያቃጥል መድኃኒት የሚያቆስሉ ተነሱ። ያ እንስሳ የሚያነሳው አምሮበት ሳይሆን አሞት ነው። በ1970 ሕግ ወጣ፤ ድርጊቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ለኛም አገር ፈረስ የመጣ እንስሳ ነው። የአፍሪካ ተወላጅ አህያ ነች። በቅሎ ደግሞ የሁለቱ ልጅ ናት፤ አባቷ አህያ፣ እናቷ ባዝራ። ከሐረር ብዙ በማይርቀው በጉርሱም ቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖሩ እንደነበር ይታወቃል። እነሱም ቢሆኑ ከሰው እጅ ያመለጡ የለማዳ ፈረሶች ዘር ናቸው።

ወደ ገበያው እንመለስ። ሻጩ «ሰጋር ነው» ብሎ ቢምል፣ ፈረሱን ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ያስኪደው። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ኮቴውን ቁጠሩ። ፈጥኖ እየሄደ አራት ከተሰማ ደግ ነው። ሁለት ከሆነ ሶምሶማ ነው። ቀጥሎ ራሱን እዩ። ራሱን የሚነቀንቅ ሁሉ ሰጋር አይደለም። የፊት እግሩን የታመመ ፈረስ የታመመው እግር ሲያርፍ ራሱን ቀና፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ ያለው አነካሽ ነው። በመጨረሻ ኮርቻውን አስወርዱና ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱ። ጠባሳ ሊድን ይችላል፤ ትኩስ ቁስል ካለ ግን ቢያንስ ዋጋው ይቀነስ። «ኮርቻው አይወርድም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ፈረስ እለፉ።