ደላላው የሰፈር ልጅ ሲሆን

በወሎም ሆነ በአርሲ ገጠር ወጣቶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ብዙ ጊዜ ባዳ አይደለም። የአክስት ልጅ ይሆናል፤ አለዚያም ከሳዑዲ የተመለሰ የሰፈር ልጅ። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀለኛ የሚለውን ሰው መንደሩ ባለውለታ ይለዋል። ነገሩ ሲበላሽም ለፖሊስ ከመጠቆም ይልቅ ሽማግሌ ልኮ ብሩን ማስመለስ ይቀላል።

የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው ዘዴ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል በከምባታ፣ በቦጋለች ገብሬ የተመሠረተው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ተጠቅሞበታል፤ በኋላ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ድጋፍ ታክሎበት ለሕገወጥ ስደትም ዋለ። ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው ይሰበሰባሉ፤ አወያዩ የዚያው አገር ሰው ነው። በጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ የመን ላይ የታገተ፣ ወላጆቹ ማስለቀቂያ ለመላክ በሬያቸውን የሸጡለት ወጣት ሲናገር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይደመጣል። ሆኖም መሬትም ሥራም የሌለውን ወጣት «አትሂድ» ማለት ብቻውን ፋይዳ የለውም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 የቤት ሠራተኞችን ጉዞ ሲያግድ ሕጋዊው በር ተዘጋ እንጂ ጉዞው አልቆመም፤ ገበያው ለደላላው ደራለት። እገዳው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

በሰው መነገድ ድንበር መሻገርም አያሻውም። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው መጥተው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ የሚውሉ ሕፃናት ጉዳይ የቆየ ነው።

በቤይሩት ደግሞ ኢትዮጵያውያን የቀድሞ የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከቤት የወጣች ሴት የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች፤ ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ በማዳሟ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። ማኅበሩ ምግብ አደለ፣ መጠለያ ፈለገ፣ የአውሮፕላን ትኬት ገዛ። የማኅበሩ ሴቶች ቋንቋውንም መከራውንም ስለሚያውቁት ተጣዮቹ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ የትልልቆቹ ድርጅቶች ገንዘብ ይህን አይገዛም።

ተመላሾቹን አዲስ አበባ ከሚቀበሉት ድርጅቶች አንዱ አጋር ኢትዮጵያ ነው፤ መጠለያ፣ ሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍ ይሰጣል፣ ሙያ ያስተምራል፣ ከቤተሰብ ያገናኛል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባዶ እጅ መመለስ ያሳፍራል፤ ለጉዞው የተበደሩትም አራጣ ይቆጥራል። ፀጉር ሥራ ተምራ መነሻ ብር ያጣች ልጅ ዘንድ ቀድሞ የሚደውለው ያው ደላላ ነው።